ኮሎኔሉ የማያውቀው ቺፕ

ጥድ ሥር፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ማሌዥያ ለተቀመጠው ለእህቴ ልጅ ለዓብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያረብ፣ ይህ ወረቀት በሰላም ገብቶ በሰላም ያግኝህ። እኔና ኡሙሀኒ፣ ላሚቱም አህያዋም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «የእህቴ ልጅ» ያልኩህ እናትህ የአክስቴ ልጅ ስለሆነች ነው። የአክስቴ ልጅ ልጅ ብዬ ብጀምር ዝምድና ስቆጥር ወረቀቱ ያልቅብኛል።

አሁን ቁጭ በል። ቁጭ ብለሃል? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በመስከረም የማታ ትምህርት ገብቼ ይኸው በአራት ወር ውስጥ ሀ ብዬ ፐ ላይ ደረስኩ። መምህርት ፀደንያ «እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። በምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ ነኝ። ኡሙሀኒ ግን አንደኛዋ እኔ ነኝ ትላለች፤ በሚስት ላይ መመስከር ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ፤ የስልኩ ታወር ከሞተ ዓመት አልፎታል። ደግሞም ስልክ ማንም ያወራበታል፤ ደብዳቤ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው። ጎረቤታችን ሁስና ደብረ ብርሃን ገበያ ስትወጣ ፖስታ ቤት ታስገባልኛለች፤ ያንተንም እሷው ታመጣለች።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አምና ለዘመድ ጥየቃ መጥተህ ከሰፈራችን በላይ፣ ተራራው የተሰነጠቀበት አፍ ላይ፣ ተራራው ሊናድ ሲል እንዲጮህ የተከልከው ሳጥን ጀግና ነው! በጥቅምት የላክኸውን አዲሱን ሜሞሪ ካርድ እንዳልከኝ አሮጌውን አውጥቼ ከተትኩለት። ካርዱ ከገባ ጀምሮ አረንጓዴ መብራቱን አፍጥጦ ዘብ ቆሟል። ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤታችን የወልደ ሰንበት የጠላ ጋን ለሁለት ተከፈለ፤ ውሾቹ ሜዳ ለሜዳ ተበተኑ። ሳጥኑስ? ወንድ ነው፤ ትንፍሽ አላለም።

እንደምታውቀው ሠላሳ አንዳችንም አባወራ፣ እስላሙ በቁርአኑ ክርስቲያኑ በመስቀሉ፣ ተማምለናል። ሳጥኑ ከጮኸ ከብታችንን ነድተን ወደ አንኮበር እንወጣለን፤ ካልጮኸ ከአባቶቻችን መሬት አንነቃነቅም። ጠባቂው ደግሞ እኔ ነኝ። ይመኙሻልን ታስታውሳታለህ፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ከሁላችን በታች ያለው? መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደንግጣ ቆርቆሮዋን ነቅላ ከሦስት ልጆቿ ጋር ወንድሟ ዘንድ አንኮበር ወጥታ ነበር። እኔ ተከትያት ሄድኩና «አንቺ ሴትዮ፣ ሳጥኑ ዝም ብሎ አንቺን ምን ያስጮህሻል? ወይስ እሱን ልትተኪ ነው?» ብዬ እስክትንከተከት አሳቅኋት። ሳቀችና ተመለሰች። ቆርቆሮውንም እኔው መታሁላት።

መነጽር ካገኘህ ላክልኝ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ለማማር ነው።

ያንተው አጎት፣ አንደኛው ተማሪ ዓወል


ፔናንግ፣ ማሌዥያ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለዓወል፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ እርስዎንም ኡሙሀኒንም ይጠብቅልኝ። የደብዳቤዎን መጀመሪያ ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜላቸው አብረን ሳቅን። መጨረሻውን ግን ለማንም አላነበብኩም።

አጎቴ፣ መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቀን ሳጥኑ መጮህ ነበረበት። አረንጓዴው መብራት ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው። የሞተ ሰው ቤት ውስጥም መብራት ይበራል።

ላስረዳዎት። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ከእሱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ በሽቦዎቹ ላይ ቺፕ የሚባሉ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ነገሮች ይሰለፋሉ። መንገድ ዳር እንደተሠራ ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አለው። በእርስዎ ሳጥን ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የተራራውን መዘንበል የሚለካው ቺፕ። ኮምፒዩተሩን የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ከርነል ይባላል። ከርነሉ የየቺፑን ቋንቋ አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ከሌለ ቺፑ ቢጮህም ከርነሉ አይሰማውም።

ከሳጥኑ ጋር የተውኩልዎትን ትንሿን ስክሪንና ኪቦርድ ይሰኩና አብሬ በላክሁት ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ይጻፉ። ሰንጠረዥ ይወጣል። ያዩትን ሁሉ እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ለሰፈሩ ይንገሩ። ሳጥኑ እስኪጣራ ድረስ ዝም ማለቱን ማንም እንደ ደህንነት እንዳይቆጥረው። በተለይ ለይመኙሻል።

መነጽሩን በሰው ልኬዋለሁ።

አክባሪዎ ዓብዱራህማን


ጥድ ሥር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማረው፣ ለተመራመረው፣ አጎቱን ግን ላልበለጠው ለዓብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እድሜህ ይርዘም፣ እጅህ አይዛል። መነጽሩ ደረሰ። አድርጌው ብወጣ ወልደ ሰንበት «ዳኛ መጣ» ብሎ ብድግ አለልኝ። ተቀመጥ ብዬ ፈቀድኩለት።

የጻፍክልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ገባኝም። ኮሎኔሉ ያዛል፣ ሾፌሩ ይነዳል፣ ቺፑ ይታዘዛል። ኡሙሀኒ «ኮሎኔል አላለም፣ ከርነል ነው ያለው» ብላ ተከራከረችኝ። እኔ ደግሞ የጦር ሰው ካልሆነ ለምን ያዛል? አልኳት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ሁለተኛ ናት።

ቃሉን ጻፍኩ። ፊደል በፊደል ኪቦርዱ ላይ ስፈልግ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ግን ጻፍኩ። ሰንጠረዡ ወጣ። መስመሩን ሁሉ በማስመሪያ ሠርቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ፀደንያ አይታ «ካርታ ሠሪ ብትሆን ይሻልህ ነበር» ብላኛለች። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሁሉም ሰረዝ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የፈረንጅ አንድና ዲ የምትባለዋ ፊደላቸው አሉ፦ 1d። ሰረዙ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱም አልተጣመመም። ደህና ምልክት ይመስለኛል።

ለሰፈሩ ንገር ስላልከው ነገር፣ ነግሬያለሁ ማለት ይቻላል። ለኡሙሀኒ ነግሬያታለሁ። ለሌላው ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ጊዜ እያየሁ እነግራለሁ። አንተ እዚያ ሆነህ አይታይህም እንጂ እኔ በዚህ ሳጥን የተነሣ ሰው ሆኛለሁ። ድሮ ዓወል ሲመጣ «ቀልደኛው መጣ» ይሉ ነበር። አሁን «ዓወል፣ ሳጥኑ ምን አለ?» ነው። እኔም «ደህና እደሩ አለ» እላቸዋለሁ።

ስንጥቁ ባለፈው ወር መዳፍ ያስገባ ነበር። አሁን ክንድ ያስገባል፤ ግን የኡሙሀኒን ክንድ ነው፣ እሷ ቀጭን ናት።

የሚያስፈልገኝ ነገር የለም። ብቻ ቶሎ ጻፍ።

አጎትህ ዓወል


ፔናንግ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለዓወል፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ለረመዳን እንኳን አደረሰዎት። ሰንጠረዡን እንዴት አሳምረው ሠሩት! አንዲት መስመር አልተሳሳተችም። ከእርስዎ ይልቅ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ያቺ 1d ያሏት የቺፑ አድራሻ ናት። ቺፑ አልሞተም። በሩ ሲንኳኳ አለሁ ይላል። ግን የሚያናግረው የለም። ከርነሉ ድራይቨሩን ከጓዳ እንዲያወጣ «በዚህ አድራሻ ይህ ቺፕ አለ» የሚል አንድ መስመር በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። አሮጌው ካርድ ላይ ጽፌው ነበር። አዲሱን ሳዘጋጅ ግን ረሳሁት። በመሥሪያ ቤቴ በቀን አርባ ጊዜ የምጽፈው መስመር ነው። ይህን ባለፈው ደብዳቤዬ ጠርጥሬው ነበር፤ ለመጻፍ ግን አፈርኩ። ሳጥኑ ከጥቅምት ጀምሮ ደንቆሮ ነው፤ ያደነቆርኩትም እኔ ነኝ።

ሌላ ካርድ ብልክ ጉምሩክ ውሎ አድሮ ሐምሌ ይደርሳል፤ እስከዚያ ዝናቡ ይቀድመናል። ስለዚህ መስመሩን እርስዎ ይጻፉት። በእጄ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ በመጨረሻው ላይ ያለው አድራሻው ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩትና ሰንጠረዡን እንደገና ያውጡ። ድራይቨሩ ቺፑን ከተረከበው በ1d ቦታ UU ይላል።

አጎቴ፣ እለምንዎታለሁ፣ ለሰፈሩ ይንገሩ። ጥፋቱ የዓብዱራህማን ነው ይበሉ። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ስሜን ቢያጠፉት አይከፋኝም።

አክባሪዎ ዓብዱራህማን


ጥድ ሥር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱ በሰላም አለፈ፤ የክርስቲያኖቹም ፋሲካ ደርሷል። አልሐምዱሊላህ ብለን ነው የምንጽፈው።

መስመሩን ጻፍኩት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። ወረቀትህን ኪቦርዱ አጠገብ አስደግፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ክቧን ሳይ ክቧን፣ ቀጥ ያለችዋን ሳይ ቀጥ ያለችዋን እየነካሁ፣ አንዲት ሳልዘል ነው የጻፍኩት። አጠፋሁ፣ አበራሁ። UU አላለም። 1d እንዳለች ናት። ኮሎኔሉ የሆነ ነገር ጽፎ አሳየኝ፤ በፈረንጅ አፍ ስለሆነ አልገባኝም፣ ፊቱ ግን የስድብ ይመስላል።

ለሰፈሩ ልነግር ወጥቼ ነበር። አላህ ምስክሬ ነው፣ ወጥቼ ነበር። ገና ከቤት ስወጣ ይመኙሻል ማሽላ ልትዘራ ጥማድ ተበድራ ስትሄድ አገኘችኝ። «ዓወል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ ላይ ተደፍተህ ስትቆጥር የዋልከው ምንድን ነው? ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። «ተበላሽቶ ነበር፣ ጠገንኩት» የሚል ወጣ። «አንተ? ጠገንክ?» «እኔ ነኛ! ማንን ፈልገሽ ነበር?» ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያውስ ልዝራ» ብላ ሄደች።

በማታው ትምህርት ቤት ሁሉም ሰምቶ ጠበቀኝ። አጨበጨቡልኝ።

ምን ላድርግ በለኝ።

ዓወል


ፔናንግ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለዓወል፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሥራ ወጥቼ አውቶብስ ስጠብቅ ነው የምጽፈው፤ ባጭሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የጻፉትን እዚህ በራሴ ማሽን ላይ በመቶ ዓይነት ስህተት ሞከርኩት። የትኛውን እንደተሳሳቱ ሳላየው አላውቅም። እርስዎ መዝገቡ ላይ የጻፉትን መስመር፣ የእኔን ወረቀት ሳይመለከቱ፣ ከስክሪኑ ላይ ገልብጠው ይላኩልኝ። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ከርነሉ መስመሩን በሙሉ ይጥለዋል። ሰው አይደለም፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ አይገምትም።

ይመኙሻል ምን ላይ ናት? ስለ እሷ ይጻፉልኝ።

ዓብዱራህማን


ጥድ ሥር፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለወንድሜ፣ ለተማሪዬ ለዓብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም! ደብዳቤህ ሳይደርስ ሥራው አለቀ! እኔ ነኝ የጨረስኩት! ቁጭ ካልክ ተነሥ፣ ከቆምክ ዝለል!

ባለፈው ሰኞ ፀደንያ ሞክሼ ፊደል አስተማረችን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ ዐይኑ ዐ፣ አልፋው አ። «ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ሁለት» አለች። እኔ እጄን አውጥቼ «የኔ ስም በዐይኑ ነው ወይስ በአልፋው?» አልኳት። «በዐይኑ ነው የሚጻፈው፤ መታወቂያህ ላይ ግን በአልፋው ነው የጻፉልህ፤ ችግር የለውም፣ ሰው ያነበዋል» አለችኝ። ሰው ያነበዋል! ኮሎኔሉ ሰው አይደለማ!

ደብተሬን ትቼ በሩጫ ወጣሁ። ኡሙሀኒ «ምን ነካህ?» እያለች ትከተለኛለች። ፋኖስ ይዛልኝ ሳጥኑ ጋ ደረስን። የጻፍኩትን አየሁት። ወረቀትህ ላይ አድራሻው 0x1d ነው። የመጀመሪያዋ ክብ ዜሮ ናት፤ እኔ የነካሁት ግን ኦ የምትባለዋን ፊደል ነው። ቀጥ ያለችዋ አንድ ናት፤ እኔ የነካሁት ኤል የምትባለዋን ነው። የእኛ ሞክሼ ድምፁ አንድ፣ መልኩ ሁለት። የፈረንጁ ሞክሼ መልኩ አንድ፣ ስሙ ሁለት! ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። ራሴ ደረስኩበት። ፀደንያ እንኳ «ይህን እኔም አላሰብኩትም» ብላለች፤ ኡሙሀኒም ሰምታለች፣ ምስክር ናት።

ዜሮዋንም አንዷንም አስተካከልኩ። አጠፋሁ። አበራሁ። ሰንጠረዡን አወጣሁ። UU! ሁለቱ ዩዎች ጎን ለጎን፣ እንደ ጥማድ በሬ! ከዚያም አምና ያሳየኸኝን መለኪያ ከፈትኩት። ቁጥር ወጣ፦ 0.0።

በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ወልደ ሰንበት ራሱ አነበበው። ዘንድሮ ነው ቁጥር የለየው፤ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ዜ...ሮ! ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው። ተራራው ምንም አልተነቃነቀም!» ብሎ ጮኸ። እልልታው አልዩ አምባ ድረስ ተሰምቷል። ይመኙሻል ማሽላዋ በቅሏል፤ ቤቷንም ጭቃ አስመትታለች። ሊወጡ አስበው የነበሩ አራት አባወራዎችም ሐሳባቸውን ለወጡ።

ስለ ስንጥቁ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን ክንድ ሳይሆን ሰው ያስገባል፤ አንድ ፍየል ገብታ በገመድ ነው ያወጣናት። ሳጥኑ ግን ዜሮ ነው የሚለው። ቺፑ ልክ ነው፣ አይደል? ልክ ነው በለኝ።

አጎትህ ዓወል


ፔናንግ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለዓወል፤

ሰላምዎ ይብዛ። እዚህ አብረውኝ ከሚሠሩት መሐንዲሶች አንዱም ያለ ሰው እርዳታ ያንን ስህተት አያገኝም ነበር። ይህን የምለው ለማስደሰት አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለሚከብደኝ ነው።

ቺፑ ልክ ነው። ዜሮው ግን የምሥራች አይደለም።

ያ መለኪያ ተራራው ዛሬ ምን ያህል እንደዘመመ አያውቅም። የሚያውቀው ከነቃበት ቅጽበት ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ ብቻ ነው። እርስዎ ባበሩት ቀን ያገኘውን መዝመም «ይህ ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ወሰደው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተራራው የሄደውን ሁሉ አላየም፤ ተኝቶ ነበር። ዜሮ ማለት «ገና አሁን ነቃሁ» ማለት ነው። ፍየሏን የዋጠው ስንጥቅ ነው እውነቱን የሚናገረው።

የአምናው መነሻ ቁጥር በአሮጌው ካርድ ላይ ነበር። ካርዱ ካለ ማወዳደር እንችላለን። የት አደረጉት?

ካርዱ ባይገኝም ይውጡ። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ያንብቡላቸው። እነሱ እንቢ ካሉ እርስዎና ኡሙሀኒ ዕቃዎን ጭነው በሰው ፊት ይውጡ። ጠባቂው ከወጣ ሌላው ይከተላል።

ዓብዱራህማን


ጥድ ሥር፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነን። ዝናቡ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሣም።

አሮጌው ካርድ የለም። በኅዳር ሰዳም ለሚባል የአረርቲ ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ፤ ትንሽ ነገር ነች፣ ምን ትሠራለች ብዬ። በሁስና አስጠየቅሁት። አጥፍቶ መንዙማ ጭኖበታል። ሁስና ሰምታዋለች፤ ድምፁ ጥሩ ነው አለች።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ክርስቲያኖቹንም ጠርቼ ጥዱ ሥር ቆሜ አነበብኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ተናገርኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ደንቆሮ እንደነበር፣ በጥር መጨረሻ ብትጽፍልኝም እንደደበቅሁ፣ ሳልጠግነው ጠገንኩት እንዳልኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወልደ ሰንበት ተነሣና «ዓወል፣ ዝም ሲል ደህና ነው አልከን። ተናገረና ዜሮ አለ፣ እሰይ አልከን። አሁን ዜሮ ሲል አትመኑት ትለናለህ። እኛ ማንን እንመን?» አለ።

«ስንጥቁን እመኑ!» አልኩ።

«ስንጥቁማ አያቴም አለ ይሉ ነበር። እኛ የማልነው በሳጥኑ ነው። ከጮኸ እንወጣለን።»

ይመኙሻል ከኋላ ቆማ ነበር። ዞር ስል «በታኅሣሥ ወጥቼ ነበር» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «አሳቅኸኝ ተመለስኩ።» «አዎ።» «ማሽላዬ አሁን ጉልበቴ ደርሷል። የወንድሜ ቤትም ሌላ ሰው ገብቶበታል። እስቲ ደግሞ አስቀህ አስወጣኝ።» ቆማ ጠበቀችኝ። ዓብዱራህማን፣ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዳልከኝም አደረግሁ። አህያዋን ጭነን፣ ላሚቱን ነድተን፣ ኡሙሀኒ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በሰው ሁሉ መካከል ወጣን። «ዓወል ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው?» ብለው ሳቁ። አንኮበር ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አራት ቀን ተቀመጥን። የተከተለን የለም። በአምስተኛው ቀን ኡሙሀኒ «በዚህ ጉምና ዝናብ ቢጮህ እንኳ ታች ያሉት አይሰሙትም። የሚሰማ ሰው አጠገቡ ከሌለ ምን ሊጠቅማቸው ነው?» አለችኝ። እሷ አንደኛ ናት። ተመለስን። አሁን ከሳጥኑ አጠገብ ዳስ ሠርተን ተራ በተራ እንቀመጣለን። ከጮኸ አንዳችን ሮጠን ወርደን በየደጁ እንጠራለን።

ትናንት ቁጥሩ 0.4 ነበር። ዛሬ 0.7 ነው። ሁለት ዲግሪ ሲሞላ ይጮኻል ብለኸኝ ነበር አምና።

ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከዳሱ ይመኙሻል ቤት ወርጄ፣ ትንሿን ልጇን አዝዬ፣ ሁለቱን እጃቸውን ይዤ፣ በጭቃው ናዳ እስከማይደርስበት ደልዳላ ድረስ ሄድኩ፤ ጨዋታ ነው ብዬ ነው ያስወጣኋቸው። በሰዓት ለካሁት። ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ሳጥኑ ከጮኸ በኋላ ተራራው እስኪወርድ ስንት ደቂቃ አለን?

ዓወል


ፔናንግ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለዓወልና ለኡሙሀኒ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አላህ በእዝነቱ ይጠብቃችሁ።

ጥያቄዎን እዚህ ለሚያውቁ ሰዎች ሁሉ አቀረብኩ። የመሬት መንሸራተት የሚያጠና አንድ መምህር ድረስ ሄጄ ስንጥቁን፣ ዝናቡን፣ 0.4ን እና 0.7ን ነገርኩት። ብዙ ጠየቀኝ፤ አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ውኃው በየት ይገባል፣ ከታች ያለው ድንጋይ ምንድን ነው። አንዱንም አላወቅሁም። አምና ስመጣ ያየሁት ስንጥቁን ብቻ ነበር።

ከዚያ በሁለት ዲግሪ ይጩኽ ያልኩት ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አጎቴ፣ ይህን ለእርስዎ መናገር አለብኝ። ከየትም አላመጣሁትም። የፕሮግራሙ ያ ቦታ ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ እኔም ሁለት ብዬ ጻፍኩበት። ሠላሳ አንድ አባወራ ሊምልበት መሆኑን አላሰብኩም።

ተራራው ቀስ ብሎ ከሄደ ቀናት ይኖርዎታል። ባንዴ ከሄደ ሳጥኑም እርስዎም አብራችሁ ትሰሙታላችሁ። የትኛው እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ስንት ደቂቃ እንዳለ አላውቅም። ይህ ደብዳቤ ሁስና እጅ እስኪገባ ሃያ ቀን ይፈጃል።

ዓብዱራህማን